የጣና ዳሩ ድንኳን

ፈንታሁን ከአርበኞች ጋር በዱር ሲዋጋ ቆይቶ ንዳድ ጣለው። ጓዶቹ ጣና ዳር ካለው ደን አድርሰውት ለእናቱ ለዓለሚቱ መልእክት ላኩባት። እሷም ለጎረቤት ልጇ ለንግድ እንደሄደ ነግራ፣ ጋፋት ያለ ቤቷን ዘግታ፣ በሶ ቋጥራ ወረደች። አባቱ ከሞተ ወዲህ ከእሱ ሌላ የላትም። ሐረግ በጋረደው ዋርካ ሥር አስተኝታ፣ ከሐይቁ ውሃ እየቀዳች ታጠጣው፣ ላቡን ትጠርግለት ጀመር።

አንድ ረፋድ ገንቦዋን ይዛ ዳርቻው ስትደርስ በቅሎዎች ጭነት ያራግፋሉ፣ ድንኳን ይተከላል። ደብረ ታቦር የሰፈረው የጣሊያን ሻምበል ከባልንጀሮቹ ጋር ለሽርሽር ወርዷል። ለጣሊያን የተቀጠረ አንድ የሐበሻ ወታደር፣ አስካሪ፣ ክንዷን ያዛት።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ውሃ ልቀዳ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ለእኛ ትቀጃለሽ።»

ደኑ ሽፍታ አያጣም ብለው ስለፈሩ፣ ወደ ዛፎቹ የሚጠጋ ሁሉ እንዲተኮስበት ታዘዘ። እንጨት እንዲለቅም የተፈቀደለት ሸሪፍ ብቻ ነበር። ሸሪፍ ከዓለሚቱ ጋር በገበያ የሚተዋወቅ የደብረ ታቦር ነጋዴ ነው፤ በቅሎዎቹን ነጥቀው፣ ምጽዋ ሲመላለስ ቋንቋቸውን ስለለመደ እሱንም አስተርጓሚ አድርገውታል።

ጣሊያኖቹ ይዋኛሉ፣ በታንኳ ይንሸራሸራሉ፣ ከደንገሉ መሃል የሚነሳውን የውሃ ወፍ፣ ይብራውን፣ እየተኮሱ ይጥላሉ። ከአንድ ሾላ ጥላ ሥር የሸክላ ማጫወቻ ይዘፍናል። ዓለሚቱ ላባ እየነጨች ዐይኗ ከደኑ አልነቀል አለ። በመጨረሻ ሸሪፍን ጠጋ አለችው።

«በምታምነው አምላክ ይዤሃለሁ። ልጄ እዚያ ውስጥ ታሟል።»

ሸሪፍ ደነገጠ። «እትዬ ዓለሚቱ፣ ይህን ለሌላ ሰው ተንፍሰዋል?»

«ለማንም።»

መጥረቢያውንና አንድ ቅል ውሃ ይዞ ገባ። ሲመለስ እንጨቱን ከእሳቱ አጠገብ እየጣለ፣ ወደ እሷ ሳያይ፣ «በሕይወት አለ፤ ውሃውን ጠጣ። ‹እናቴስ?› አለኝ፤ ‹ትመጣለች› አልኩት» አላት።

አስካሪው ግን መዘግየቱን አልወደደለትም። መጥረቢያውን ተቀበለውና ከዚያ ወዲያ እንጨቱን ወታደሮቹ ራሳቸው ከደኑ ዳር ይቆርጡ ጀመር። ዓለሚቱ «ዛሬ ይሄዳሉ» እያለች ታነጋለች፤ እነሱ ግን ዓሣው ጣማቸውና ከደብረ ታቦር ዳቦና ወይን አስጨመሩ።

በኋላ መቻል ተሳናት። ሸሪፍን ጎትታ ሻምበሉ ፊት ወደቀች።

«ንገርልኝ። ይያዙት። እስረኛም ቢሆን ውሃ ይጠጣል።»

«እትዬ፣ እነዚህ አርበኛ አያስሩም። ገበያው ላይ የሰቀሏቸውን አላዩም?»

«ንገርልኝ አልኩህ!»

ሸሪፍ ግን ያለችውን ትቶ፣ ልጇ ሩቅ ቤቷ በንዳድ ተኝቷል፣ እንድትሄድ ፍቀዱላት ብሎ ተረጎመ። ሻምበሉ አዘነላት። ከሣጥኑ የንዳድ ክኒን አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላትና ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ባልንጀሮቹ ሳቁ።

«ምን አለ?»

«ድንኳኑ ሲነቀል ትሂድ፤ እስከዚያ ይብራውን ማን ይነጭልናል አለ።»

ክኒኑን ጨብጣ መሬቱ ላይ ቀረች። የነበራት ቃል ሁሉ ያ ነበር፤ ተናግራው አለቀ።

ድንኳኑ በተነቀለ ዕለት በቅሎዎቹ ከዐይን ሳይርቁ ወደ ደኑ ሮጠች። ፈንታሁን ዋርካው ሥር አልነበረም። በደረቱ እየተሳበ ወደ ሐይቁ መጥቶ፣ ውሃው በቅጠሉ መሃል ከሚታይበት ቦታ በፊቱ ተደፍቶ አገኘችው። አፉ አፈር ነክሷል። ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

ሸሪፍ የበቅሎ ልጓም ጠፋኝ ብሎ ተመልሶ ነበር። በዱላና በእጃቸው ቆፈሩ። ቄስ የለም፣ ፍትሐት የለም። ሸሪፍ በራሱ ሃይማኖት ጥቂት ቃል አነበነበ፤ እሷ «አቤቱ» ከማለት በቀር የሚመጣላት አልነበረም።

«አልቅሱ እንጂ፣ እትዬ» አላት።

«ይሰሙናል። አንተም ሂድ፣ ይፈልጉሃል።»

ጋፋት ስትገባ ጎረቤቷ ጥሩወርቅ በር ላይ ጠበቀቻት። ከጥሩወርቅ ጀርባ ለጣሊያን ያደረው የሰፈሩ ሹም ቆሞ ያዳምጣል። የአርበኛ እናት መሆኗ ከታወቀ ቤቷ ይቃጠላል፤ መንደሩም አይተርፍም።

«ፈንታሁንስ፣ ለንግድ እንደሄደ ቀረ?» አለች ጥሩወርቅ።

«ደህና ነው» አለች ዓለሚቱ። «በወረደበት ቆላ ሥራ አግኝቷል።»

ገብታ በሩን ዘጋች። ልቅሶ አልተቀመጠችም፣ ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። በማግስቱ ገብስ ልትፈጭ ተነሣች።