ከምልክቱ በታች

እና ይቺም ባዶ ናት፣ የከብት ሐኪሟ ዶክተር ግሬቸን ክንዷን እስከ ትከሻዋ ላሚቱ ውስጥ አስገብታ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አዙራ፣ ትንሽ ትዳብስና ባዶ፣ አላረገዘችም! ትላለች፣ ዌንደልም የመለያውን በር ገመድ ይስባል፣ ላሚቱ በግራ ትወጣለች፣ በግራ ማለት ወደ ቄራ ነው፣ ምን የመሰለች ላም፣ ጀርባዋ እንደ ጠረጴዛ፣ ቁመቷ የሚያስቀና፣ እሱ ራሱ የመረጣት። ሁሉንም እሱ ነው የመረጣቸው። ሌላ ማንን ይውቀስ።

ቀጣይዋ። ባዶ። ኧረ በናትሽ ደግመሽ እዪ፣ አይቻለሁ ዌንደል፣ ምንም የለም፣ እነዚህ ላሞችዎ እኮ ከመጠን በላይ ግዙፍ ናቸው፣ በዚህ ድርቅ ያገኙት ሣር ለራሳቸውም አልበቃ፣ በምን አቅማቸው ያርግዙ፣ ትላለች፣ ልጅ ናት፣ ክፋት የላትም፣ እሱ ግን ይህንኑ ከሃያ ዓመት በፊት ከሚስቱ ከሎይስ ሰምቶታል። ሎይስ ሲጋቡ ከአባቷ ቤት ቀያይ አጫጭር ላሞች ነድታ የመጣች ናት፣ እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባል የለም፣ ላምም እንደዚያው ነው አንተ ሰውዬ፣ የእናቷን ጡት እይ፣ ጠባይዋን እይ፣ በክፉ ቀን የወለደችው የትኛዋ እንደሆነች እይ፣ እሱ ምን አለ፣ ፍየሎችሽን ነው እንዴ! የከብት ገበያ ላይ ነበር፣ ጓደኞቹ ፊት፣ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ በማግስቱ የበሩን ምሰሶ በመጋዝ ገዝግዞ ምልክት አወጣበት፣ ዳሌዋ እዚህ ያልደረሰ ጊደር ለዘር አትቀርም። ከዚያ ወዲህ ሎይስ ለምርጫ ወደ በረት ወጥታ አታውቅም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፣ በሬውስ ይሻላል፣ በሬ ሚስቱ ላይ አይስቅም።

ቀጣይዋ። ቆይ። ቀይዋ አሮጊት ናት፣ ከሎይስ ላሞች ዘር የቀረችው የመጨረሻዋ፣ በየዓመቱ ሊሸጣት ያስብና እጁ እንቢ ይለዋል፣ ዶክተሯ ክንዷን ታስገባለች፣ ወዲያው ትስቃለች፣ ኧረ አርግዘዋል! እኚህ አሮጊት አርግዘዋል! ዘር ማለት ይሄ ነው፣ ዘንድሮ ምን ወልደው ነበር?

ሴት። ሴት ነው የወለደችው፣ ቀይ፣ ድንቡሼ፣ ባለፈው ሳምንት ጥጆቹን ከእናቶቻቸው ሲለይ በዚህችው በር አለፈች፣ ከምልክቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብላ፣ ሁለት ጣት ብቻ፣ ዓይኑ አየ፣ እጁ ገመዱን ሳበ፣ ከወንዶቹ ጋር ተጭና ሄደች፣ ነጋዴውም መልሶ ሸጧታል፣ ካንሳስ ትሁን ቴክሳስ ማን ያውቃል፣ እናቷ ድምጿ እስኪዘጋ ስትጮህ ሰማ፣ ሰምቶ መስኮቱን ዘጋ።

ጥጃዋስ?

ሎይስ ናት። የዶክተሯን ጩኸት ሰምታ መጥታለች፣ በቤት ጫማዋ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያልረገጠችው በረት ውስጥ ቆማለች፣ ጥጃዋስ ዌንደል፣ ዓይኑ ሳያስበው ወደ ምሰሶው ይሄዳል፣ እሷም ታያለች፣ አጭር ናት ሎይስ፣ ተጠግታ ምልክቱን በጣቷ ትዳብሰዋለች፣ አባትህ ላንተ ሲያጩኝ እዚህ ጋ አቁመው ለክተውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ትላለች፣ በግራ ነበር የምወጣው። ዶክተሯ ትስቃለች። ሎይስ አትስቅም።

ይቅር በይኝ ሊል ነው፣ አፉ ግን ሌላ ያወጣል፣ ከቀሩት ጊደሮች አንቺ ምረጪልኝ ይላል፣ እሷም በአጥሩ አሻግራ ረጃጅሞቹን ጊደሮች ታያለች፣ ረጅም ጊዜ፣ ከየቶቹ ልምረጥልህ፣ ሁሉም ያንተ ናቸው፣ ብላው ወደ ቤት ትመለሳለች።

ገመዱ እጁ ላይ ነው። ወደ ቀኝ ይስባል፣ አሮጊቷ ቀስ ብላ ትወጣለች፣ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፣ በረዶው ሳይመጣ ለብቻዋ ያስራታል፣ ገብስ ፈጭቶ ይሰጣታል፣ ጥርስ የላት፣ ሌሊትም ሊያያት ይወጣል፣ ደግሞም ይወጣል፣ ሎይስን ምንም አይላትም፣ የምትወልደው ሴት ትሁን ብቻ፣ አጭር ትሁን፣ ሴት ትሁን