የዘርአ ዳዊት ልጆች ሙግት

ዘርአ ዳዊት አንኮበር ችሎት ፊት ቆመው ስለ ርስታቸው ሲሟገቱ ምላሳቸው ተሳሰረ፣ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ ሳምንት ሳይሞላ አረፉ። አባታቸውም ቀደም ብሎ እንዲሁ በንዴት መሐል ወድቀው ነበር የሞቱት። የመንደራቸው የጎረቤላ ሰው «የዚያ ቤት ደም ቁጡ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ ሙግቱን የወረሰው ታላቁ ልጅ ወልደአረጋይ ማጅራቱን ጨምድዶ ቢይዘው፣ ታናሽ እህቱ አልታየች ለምና፣ አልቅሳ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሙ ክንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ የደም ግፊቱን ለካና «አሁን ደህና ነው» አለ። ከዚያ ደጅ አድሮ ውርጭ የጋገረውን ውሃ በሳህን አቀረበለት። ወልደአረጋይ እጁን ነከረ። ሐኪሙ እንደገና ሲለካ ግፊቱ ሽቅብ ዘሎ አገኘውና ፊቱ ተለወጠ። አልታየችንም እንዲሁ ለካት፤ የእሷ ብዙም አልተነሣ።

«እኛ ሳናዘው ልብን የሚያስሮጥ፣ ደም ሥርን የሚያጠብቅ ነርቭ አለ» አለ። «ብርድም ቁጣም ይቀሰቅሰዋል። የእርስዎ ከልክ በላይ ነው። አባትዎንና አያትዎን የጣላቸው የደም ግፊት ይመስለኛል፤ እሱ ደግሞ በዘር ይወርዳል። ይወድቃሉ አልልም። ግን ጨው ይቀንሱ፣ ከጠብ ይራቁ።»

«ከጠብ ራቅ ማለት ርስትህን ልቀቅ ማለት ነው» አለና ወልደአረጋይ ወጣ።

የችሎቱ ቀጠሮ ቀን ደረሰ። ባላጋራቸው ተክለጊዮርጊስ ነገር አዋቂ ነው፤ የት እንደሚወጋ ያውቃል።

«ክቡር ዳኛ፣ አባቱ በሐሰት ሲምል እግዜር ምላሱን ያሰረው እዚሁ ነው። ልጁ ደግሞ ደፍሮ ቆመ።»

አልታየች ከኋላ ሆና የወንድሟን አንገት አየች፤ ሥሩ ገመድ አክሎ ተገትሯል። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ተንተባተበ። ሰው ጥሳ ገብታ እጁን ያዘች። በድን ሆኗል።

«ጋሼ፣ ተቀመጥ።»

«ልቀቂኝ። ሰው ፊት አታዋርጅኝ።»

«ብትዋረድ እክስሃለሁ። ብትሞት በምን እክስሃለሁ?»

ወደ ዳኛው ዞረች። «ጌታዬ፣ እኔም የዘርአ ዳዊት ልጅ ነኝ። ወንድሜ አሞታል፤ እኔ ልናገር።»

ተክለጊዮርጊስ «ሴት ልትሟገተኝ?» ብሎ ሳቀ። ዳኛው መዝገቡን ገልጦ አየ። አልታየች የወንድሟን እጅ አልለቀቀችም።

«ወራሽ ናት፤ ትናገር» አለ ዳኛው በመጨረሻ።

ወልደአረጋይ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እሷ ድምጿን ሳታነሣ ተናገረች። «አባቴን የጣለው በሽታ ነው፤ ሐሰት አይደለም። ድንበሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት አሉ። እነሱ ይጠየቁ።»

ሽማግሌዎቹ ወጥተው ድንበሩን አመለከቱ። የላይኛው እርሻ ለዘርአ ዳዊት ልጆች ተፈረደ፤ የታችኛው ለተክለጊዮርጊስ ሆነ።

ወልደአረጋይ እስከ ፋሲካ አላናገራትም። በፋሲካው ማግስት ቤቷ መጥቶ ተቀመጠና እሳቱን እያየ፣ «ያን ዕለት ግራ ዓይኔ ጨልሞብኝ ነበር» አላት። «አንቺን እንኳ በድምፅሽ ነው የለየሁሽ።»