መጀመሪያ አፍንጫ

አራት ዓመት ሙሉ ስለ ድንጋይ ተምራ በዲግሪ የተመረቀችው መምህርት፣ የድንጋይ ሥራ ስታጣ የተቀጠረችው በአንድ አጸደ ሕፃናት ነው። ወንድሟ «አራት ዓመት ተምረሽ ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ጭቃ ታቦኪያለሽ» እያለ ያሾፍባታል። እሷም መልስ አታጣም። «አንተ ቢሮህ ውስጥ ከትልልቆቹ ጋር የምታቦካው ከኔ ጭቃ አይሻልም» ትለዋለች።

ጭቃው ግን የእውነት ነው። ዐሥራ ስምንት ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው፣ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ትሪ ላይ አቁመው፣ ዙሪያውን ጭቃ እየለጠፉ ስድስት ተራራ ሠርተዋል። አንዱ ወደ ግራ ያዘመመ ነው፤ አንዱ ከተራራ ይልቅ ጫማ ይመስላል፤ አንዱን ደግሞ ሠሪዎቹ ተጣልተው በጣታቸው ድንበር አስምረውበታል። በጠርሙሱ አፍ የመጋገሪያ ሶዳ ይገባል፤ በላዩ አቸቶ ሲፈስበት አረፋው ገንፍሎ በተራራው ጎን ይወርዳል። እውነተኛው እሳተ ገሞራ በሶዳና በአቸቶ እንደማይሠራ ነግራቸዋለች። ልጆችን መዋሸት አትወድም፤ ለማሳመርም ቢሆን።

ሕግም አውጥታለች። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ የሳሙና ውሃ ወተት መስሎት ከጠጣ ወዲህ፣ ማንም ልጅ ምንም ነገር ከማፍሰሱ በፊት ያሸታል። አፍንጫውን ጠርሙሱ ላይ አይደቅንም፤ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ሽታውን በእጁ እያራገበ ወደ ራሱ ይጠራዋል። «መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ እጅ፣ መጨረሻ አፍ» ይላሉ በኅብረት። አፍ ማለት መቅመስ አይደለም፤ ያገኙትን መናገር ነው።

ዳይሬክተሯ ይህን ሕግ አልወደደችውም። በወላጆች ቀን ዋዜማ መምህርቷን ቢሮ አስጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዋን የሚዘጋው የቅጥር ደብዳቤ፣ ፊርማ ሳያርፍበት ተዘርግቷል።

«ነገ ልጆቹ ምንም አይነኩም። አንቺ ትጨምሪያለሽ፣ እነሱ ያጨበጭባሉ።»

«ካልነኩ ምን ይማራሉ?»

«ማጨብጨብ» አለች ዳይሬክተሯ፣ ፍጹም ከልቧ። «ባለፈው ዓመት አንዱ ልጅ አቸቶ በነካ እጁ ዓይኑን አሽቶ፣ አባቱ እዚህ መጥቶ ወንበሬ ላይ ቆሞ ነው የጮኸብኝ። ተቀምጦ እንዳይመስልሽ። ቆሞ።»

«ያኔ እጅ መታጠቢያ ስላልቀረበ ነው። ነገ ይቀርባል። ልጆቹ ራሳቸው ካልሠሩት እኔ አልሠራም።»

መምህርቷ ለረጅም ክርክር ነበር የተዘጋጀችው። ዳይሬክተሯ ግን ፈገግ አለች። «እሺ የኔ ልጅ፣ እንዳልሽ። አቸቶውን እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ አሳድረዋለሁ። ነገ ወላጆቹ በሰላም ሲሸኙ እፈርምልሻለሁ።» ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለውን ተረት መምህርቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ትዝ ያላት ግን በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ወላጆች በልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው ጆሯቸው ሥር ደርሶ ተኮልኩለዋል። ፊት ለፊት ዳይሬክተሯ ያሠራችው፣ ጫፉ ነጭ ቀለም የተቀባ ትልቅ የጀሶ ተራራ ቆሟል፤ ከጎኑ እሷ ራሷ የምታፈስበት ማንቆርቆሪያ አለ። የልጆቹ ስድስት ተራሮች ከጥግ ናቸው፤ ከየተራራው አጠገብ ዳይሬክተሯ ከቁም ሣጥኑ አውጥታ ያደለችው አንድ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ተቀምጧል። ልጆቹ ፌስታል ቀደው ሽርጥ አድርገዋል።

ዳይሬክተሯ ንግግሯን ስትጨርስ መምህርቷ፣ «መጀመሪያ ምን?» አለች።

«አፍንጫ» አሉ።

አራገቡ። በጠብ ሁሉ መሀል ገብቶ ስለሚዳኝ «ዳኛው» የሚባለው ልጅ ፊቱን አኮማትሮ አፈሰሰ። ሌሎቹም አፈሰሱ። ዝም። ሶዳው ረጥቦ ጠርሙሱ ውስጥ ቁጭ አለ። ከተፈሰሰባቸው ተራሮች አንዱም ትንፍሽ አላለም።

ጠርሙስ ከያዙት ስድስቱ ያላፈሰሰች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ትንሽ ናት፤ አንዴ የያዘችውን ስለማትለቅ «ጉንዳን» ይሏታል። አንድ ጊዜ አራገበች፣ ደግማ አራገበች፤ ከዚያ ጠርሙሷን መልሳ አስቀመጠች።

«ቲቸር፣ ይሄ ውሃ ነው።»

«ተራሮቹ ተኝተዋል ልጆች» አለች ዳይሬክተሯ ቶሎ ብላ። «ትልቁ ተራራ ግን ነቅቶላችኋል። ወደዚህ እዩ።»

መምህርቷ የጉንዳንን ጠርሙስ አንስታ አራገበች። ምንም። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባት፤ የትናንቱ እሺታም፣ ቁልፉም፣ ፈገግታውም። አሁን «አዎ፣ ተኝተዋል» ብትል ወላጆች ይስቃሉ፣ ትልቁ ተራራ ይገነፍላል፣ ደብዳቤው ይፈረማል። ዐሥራ ስምንቱ ልጆች ግን ከዛሬ ጀምሮ ሲያሸቱ፣ አፍንጫቸውን ሳይሆን የትልቅ ሰው ፊት ያያሉ።

«ዝም በይ አንቺ፣ አታሳፍሪኝ» አለ የጉንዳን አባት ከኋላ። አምና ወንበር ላይ የወጣው እሱ ነው፤ ዓይኑን ያሸውም የጉንዳን ወንድም ነው።

«ይቅርታ አባቷ፣ ተራዋ የአፍ ነው» አለች መምህርቷ። «ጉንዳን፣ ምን አገኘሽ?»

«አቸቶ ይሸታል። ይሄ አይሸትም።»

«እኔንም አልሸተተኝም» አለ ዳኛው።

«ታዲያ ፊትህን ለምን አኮማተርክ?» አለችው መምህርቷ።

«ሁልጊዜ ስለምናኮማትር።»

ወላጆች ሳቁ። ዳይሬክተሯም አብራ ሳቀች። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» አለች ወደ እነሱ ዞራ።

«ይሄኛው ብስሉ ነው» አለች መምህርቷ። «ውሃ ነው። ልጆቹ አልተሳሳቱም።»

ሳቁ ቆመ። ጉንዳን ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ ትልቁ ተራራ ሄደች፤ በእግር ጣቶቿ ቆማ ማንቆርቆሪያው ላይ አራገበችና አስነጠሳት።

«አቸቶው እዚህ ነው» አለች።

ዳይሬክተሯ ማንቆርቆሪያውን አንስታ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችው። «ለደኅንነታቸው ብዬ ነው» አለች። ውሸት አልነበረም። ግን ሳትነግራቸው ነው ያደረገችው። ማንቆርቆሪያውንም አልሰጠችም።

«ሎሚ አይሆንም እንዴ?» አለች በር ላይ ቆማ የምታየው የወጥ ቤቷ ሴትዮ።

«ይሆናል እትዬ። ሶዳም ካለ።»

«እኔ ሳልሞት ሶዳ ይጠፋል?»

ሎሚው ለሁለት ለሁለት ተቆርጦ በሳህን መጣ። ልጆቹ የረጠበውን ሶዳ እየደፉ አዲስ ሞሉ። አሁንም መጀመሪያ አሸተቱ፤ ዳኛው በዚህኛው ፊቱን ያኮማተረው አውቆ አልነበረም። የጉንዳን አባት ከወንበሩ ተነሣ፤ ዳይሬክተሯ ዓይኗን ወንበሩ ላይ ተከለች።

«ዓይናቸው ውስጥ ቢገባስ?» አለ።

«ውሃ አለን» አለች መምህርቷ። «አምስት ጠርሙስ ውሃ ቢፈስም የልጅዎ ሳይነካ ተቀምጧል። ከፈለጉ እርስዎ ይያዙት።»

ሰውየው አንድ ጊዜ ጠርሙሱን፣ አንድ ጊዜ ልጁን አየ። ከዚያ ጠርሙሱን ይዞ ከጎኗ ቁጢጥ አለ።

በእነዚያ ትንንሽ እጆች ሎሚ ጨምቆ መጨረስ ቀላል አይደለም። ጠብ፣ ጠብ። አንዲት እናት ልትረዳ እጇን ስትዘረጋ ዳኛው «የኛ ተራ ነው» ብሎ መለሳት። መጀመሪያ ያዘመመው ተራራ ተንጫጫ። ጫማ የሚመስለው ተከተለ። የጉንዳን ግን ቆየ፤ ቆየና ነጭ አረፋ በአፉ ዙሪያ አበጠ፣ ሞልቶ በአንድ ጎን ቀስ ብሎ ወረደ። ከጀሶው ተራራ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

«አገሳ እኮ» አለ አባቷ።

«እኔ ነኝ ያስገሳሁት» አለች ጉንዳን።

ወላጆች ከሄዱ በኋላ ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀቻት። ፈገግታ የለም።

«ተኝቷል ብትይ ምን ነበረበት?»

«አልተኛማ።»

«ጠርሙሶቹን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ፣ በስሕተት፣ ብለሽ ለወላጆች አጭር ደብዳቤ ጻፊ። አሁኑኑ እፈርምልሻለሁ።»

«አልጽፍም።»

«እንግዲያው አልፈርምም።»

«አይፈርሙ። ካሰናበቱኝ ግን በጽሑፍ ያሰናብቱኝ፤ ምክንያቱንም ይጻፉበት። ልጆቹን ማሽተት ስላስተማረች ብለው።»

ዳይሬክተሯ እስክሪብቶውን ከፈተች፣ ዘጋች። መምህርቷ ሌላ ቃል ሳትጠብቅ ወጥታ ትሪዎቹን ልታጥብ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት የስንብት ደብዳቤ አልደረሳትም። እሷም እንደ ወትሮዋ ገባች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ፤ ዳይሬክተሯ አንድ ጠርሙስ ይዛ ቆማለች።

«አቸቶ ነው» አለች ወደ ግድግዳው እያየች። «ልጆቹ ይፈልጉት ይሆናል ብዬ ነው።»

መምህርቷ እጇን አልዘረጋችም። ጉንዳን ከምንጣፉ ተነሥታ መጣች፤ የዳይሬክተሯ እጅ ላይ እንዳለ ጠርሙሱን ራቅ ብላ አራገበች። ዳይሬክተሯ፣ ያ ሁሉ ቁልፍ ወገቧ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ውጤቱን ቆማ ጠበቀች።

«አቸቶ ነው» አለች ጉንዳን፣ ወስዳውም ገባች።

የቅጥር ደብዳቤው ግን እስካሁን አልተፈረመም። መምህርቷም እስካሁን ጭቃ እያቦካች ነው።