መልስ የማይሻ ጥያቄ

አቶ ትዕዛዙ ወደ ማንኩሳ ከተማ ለስብሰባ የመጡት ስለ ተበላሸው የውሃ ቧንቧ ሊጠይቁ ነበር። የወረዳው ካድሬ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲደሰኩር ቆየና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለመሆኑ እድገታችንን ያላየ ማን አለ?» አለ።

አቶ ትዕዛዙ እጃቸውን አውጥተው ተነሱ። «እኔ አላየሁም።»

ተሰብሳቢው በሳቅ አውካካ። የአማርኛ አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ሜላት ጋቢያቸውን ጎትታ አስቀመጠቻቸው።

«አባባ፣ ይኼ እኮ መልስ የማይሻ ጥያቄ ነው! ተናጋሪው ሊያሳምን ይጠይቃል እንጂ መልስ አይፈልግም።»

«ተይ እንጂ! ይኼን ቀድመሽ አትነግሪኝም?»

ካድሬው ደብተሩን ከደነ፤ ባርኔጣውን ደፋ። የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ወደ በሩ ሲያመራ «ጥያቄ ያለው?» አለ።

ሜላት አባቷን በክርኗ ጎሰም አደረገቻቸው። «አሁን ይጠይቁ እንጂ፣ ቧንቧውን!»

አቶ ትዕዛዙ ንቅንቅ አላሉም።

«አስተማሪ አይደለሽም? ባርኔጣ ደፍቶ፣ ቁልፍ ይዞ የሚጠይቅ ሰው መልስ ይሻል እንዴ?»