ግራር በአቡጀዲ ላይ

ሰኔ እንደገባ የተነሣው ነፋስ በቆቦ አቅራቢያ ከሮቢት ከተማ ዳር የነበረውን ትልቅ ግራር ከነሥሩ ገንድሶ ጣለው። ዛፉ የቆመው ሕሉፍና ታላቅ እህቱ ባደጉበት ግቢ ጥግ ነበር። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ መሬቱንም አሁን የሚያርሰው የአጎታቸው ልጅ ነው። ሕሉፍ ግን ቆቦ ከተማ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። የአጎቱ ልጅ ደውሎ፣ "ግራሩ ወድቋል፤ ከሰል ከሚሆን አንተ ብትወስደው ይሻላል" ሲለው፣ ሞተር መጋዝ ያለውን መህዲን ይዞ በማግስቱ ለመሄድ ተሰናዳ።

ወሬውን ሰምታ ከእሱ ይበልጥ የተጣደፈችው ልጁ እፀገነት ናት። እፀገነት የሥዕል መምህርት ነች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ብሩሹን ትታ ኅትመት ይዛለች፤ ቅጠል ይሁን የዛፍ ቅርፊት፣ የማሽላ ራስ እንኳ ሳይቀር፣ ያገኘችውን ሁሉ ቀለም እየቀባች በወረቀትና በጨርቅ ላይ ታትማለች።

"አባዬ፣ እኔም እሄዳለሁ" አለችው። "አንድ ክብ ቁራጭ ትሰጠኛለህ። ዙሪያው ሙሉ የሆነ፣ ያልተሰነጠቀ።"

"ጣውላ የሚወጣውን እንጨት እንደ ድፎ ዳቦ ልትቆራርሽብኝ ነው?"

"አንድ ብቻ! የዛፉ ዕድሜ እኮ ነው ውስጡ ያለው። የጠገበበትም የተራበበትም ዘመን።"

ሕሉፍ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ። ሲስቅ እሺ ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች።

ሮቢት ደርሰው መህዲ መጋዙን አስነሣ። መጀመሪያ የያዘው ወደ ጎን የተዘረጋውን፣ ራሱ ግንድ የሚያህለውን ቅርንጫፍ ነበር። ግማሽ ያህል እንደገባ መጋዙ ጮኸና እሳት ተረጨ። መህዲ ዘሎ ወደ ኋላ አለ።

"ያ ረቢ! ጋሽ ሕሉፍ፣ ይኼ ዛፍ ብረት ውጧል!"

"ጥይት ይሆናል" አለ ሕሉፍ። "በዚህ በኩል ያልተተኮሰ ምን አለ?"

መህዲ ጥርሱ የተሸረፈውን ሰንሰለት ቀየረና ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ ቆረጠ። የእፀገነት ክብ ቁራጭ የወጣው ከዚያው ላይ ነው። ብረት ያለበትን ጉማጅ ግን፣ "ይኼስ ለማገዶ እንጂ ለሌላ አይሆንም" ብሎ ከጭራሮው ጋር መኪናው ላይ ወረወረው።

እፀገነት ቁራጩን በአባቷ ሥራ ቤት ግቢ አስቀምጣ ለቀናት በብርጭቆ ወረቀት ፈተገችው። ከዚያ ፊቱን በጋዝ ነበልባል ለብለብ አድርጋ በሽቦ ብሩሽ ጠረገችው። ለስላሳው እንጨት ወደ ውስጥ ሰርጎድ አለ፤ ጠንካራው ክብ በክብ እየሆነ ቆሞ ቀረ። የመጀመሪያው ሙከራዋ አልሆነም፤ ወረቀቱ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ተቀደደ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ብዙነሽ ይህን አይታ ከሱቋ አቡጀዲ ቆርጣ አመጣችላት።

"እንኪ! አቡጀዲ ያልቻለውን ማን ይችላል?"

እፀገነት ጥቁሩን ቀለም በሩሎ ስስ አድርጋ ቀባች። ጨርቁን አነጠፈችበትና ማንኪያ ለብዙነሽም ሰጠቻት። ሁለቱ ተጎንብሰው በማንኪያው ጀርባ ያሹ ጀመር።

"እንዳይንቀሳቀስ፣ እትዬ ብዙነሽ! እንዳይንቀሳቀስ!"

"አንቺ ራስሽ አትገላልጪው እንጂ!"

እውነቷን ነው፤ እፀገነት በጉጉት የጨርቁን ጫፍ አሥር ጊዜ ገለጥ ታደርግ ነበር። ጨርቁን ከዳርና ከዳር ይዘው ቀስ ብለው ሲገልጡት ግራሩ ወጣ። ከመሐል ተነሥቶ ክብ በክብ እየሰፋ፣ አንዳንድ ቦታ እየተጠጋጋ፣ አንዳንድ ቦታ እየራቀ፣ እስከ ቅርፊቱ ድረስ። ብዙነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ሕሉፍ ሙጫ የነካው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከውስጥ ብቅ አለ።

"አባዬ፣ ና እይ! ና!"

ሕሉፍ ትክ ብሎ አየው። ጣቱን ጨርቁን ሳያስነካ በላዩ ላይ አስኬደና እንደ ፀጉር ቀጥነው የተጠጋጉ ክቦች ላይ ቆመ።

"ይኼ ሰባ ሰባት መሆን አለበት። ዝናቡ የቀረበት። ዛፉም እንደ ሰው ከስቶ ነበር።"

"እዚህ አገር በልግም ክረምትም ስለሚዘንብ፣ እያንዳንዱ ክብ አንድ ዓመት ነው ብዬ አልምልም" አለች እፀገነት። "ግን መሰለኝ። ልክ ሳትሆን አትቀርም! ይኼኛውስ ታዲያ?"

ከተጠጋጉት ክቦች ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከሌሎቹ ሁሉ የጠቆረና የወፈረ አንድ ክብ ነበር። በአንድ በኩል ዓይን መስሎ አብጧል። ሕሉፍ ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። ድንገት ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ዥዋዥዌያችን! ጥይት አይደለም፣ ዥዋዥዌያችን ነው! ገመዱን እኮ ሳንፈታው ነው ያደግነው! ብረቱም ከግመል ጭነት ላይ የወደቀ ቀለበት ነው፣ መንገድ ላይ ያገኘነው። ለተ ይኼን ብታይ..."

እጁን ከጭንቅላቱ አውርዶ ወደ ሥራው ሊመለስ ዞረ።

ለተ ሚካኤል ታላቅ እህቱ ናት። ዋጃ አግብታ እዚያው ትኖራለች፤ ከቆቦ በመኪና ቅርብ ነው። ነገር ግን በጦርነቱ ጊዜ እናታቸው ለተ ዘንድ ሳሉ ዐረፉ፤ ተዝካሩም መንገዱ እንደተዘጋ ወጣ። እሱ "ሳይጠብቁኝ" ብሎ፣ እሷ "ሳይመጣ" ብላ ተቀያየሙ። መንገዱ ሲከፈት ቀድሞ የሚደውል ጠፋ።

"ደውልላት" አለች እፀገነት።

"እሷ ደውላልኝ ታውቃለች?"

"አባዬ!"

ሕሉፍ ስልኩን አወጣ። መጀመሪያ ቁጥሩን አየው፤ ከዚያ ጨርቁን አየና ደወለ። የስልኩ ድምፅ ለሁሉም ይሰማ ነበር።

"ሕሉፍ? ምን ሆንክ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም! ለተ፣ ዥዋዥዌውን አገኘሁት! ሮቢት፣ ግራሩ ላይ ያሰርኩትን!"



"ማን ያሰረውን? አንተ? አንተማ ታች ቆመህ ታለቅስ ነበር! ግራሩ ላይ የወጣሁት እኔ፣ ያሰርኩትም እኔ!"

"ውሸት!"

"ቆይ፣ ነገ በጠዋት መኪና እመጣለሁ!" ብላ ዘጋችበት።

አልቀረችም። ነጠላዋን እያስተካከለች ከሚኒባስ ወርዳ በቀጥታ ወደ ግቢው ገባች። ወንድሟን ሳመችው፣ አገላብጣ ሳመችው፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወዲያው፣ "የት አለ?" አለች። እፀገነት ጨርቁን አሳየቻት። ከዚያ ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ፤ አንዱ "እኔ"፣ ሌላው "እኔ"። ብዙነሽ መቀስ እንደያዘች ከሱቋ መጣች። መህዲም የመጋዙን ሰንሰለት ሊያስሞርድ ሲያልፍ ጩኸቱን ሰምቶ ገባ።

"ብረት ያለበት ጉማጅ ከማገዶው ውስጥ አለ አይደል?" አለ። "ለምን አንፈልጠውም?"

ሕሉፍ ጉማጁን አወጣና ሽብልቁን ስንጥቁ ላይ ተከለ። በመዶሻ መታ፣ ደገመ። እንጨቱ ጯ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

ዝገት የበላው የብረት ቀለበት ወደ መሬት ወደቀ። ገመዱ አልነበረም፤ ተበልቶ ቡናማ ብናኝ ብቻ ቀርቷል። የነበረበት ቦታ ግን ነበር። እንጨቱ ገመዱን ሲያቅፍ የቃጫውን ክር፣ ጥምዝማዙን፣ ቋጠሮውን ሳይቀር ፊቱ ላይ ይዞታል።

"አትሞታል!" ብላ ጮኸች እፀገነት። "ዛፉ ራሱ አትሞታል! ከእኔ በፊት!"

ለተ ሚካኤል ግን ወደ ቋጠሮው ስትጠጋ ሳቅ አፈናት። "ሲባጎ አምጪልኝ፣ ልጄ። ለእሱም ስጪው።"

ሁለቱም ጣውላ ላይ ቋጠሩ። የሕሉፍ ቋጠሮ ወደ ቀኝ ዞረ። ለተ ግን ከልጅነቷ ግራኝ ነበረች፤ የእሷ ወደ ግራ ዞረ። እፀገነት ሁለቱንም እንጨቱ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። መህዲ አየ፣ ብዙነሽ አየች። መጠየቅ አላስፈለገም።

"አንቺ ነሽ" አለ ሕሉፍ እጁን አንሥቶ።

"ታች ቆሜ አለቅስ ነበር በል!"

"አለቅስ ነበር።"

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ሲበርድ ሕሉፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለተ፣ ያኔ መንገዱ ተዘግቶ ነበር እኮ" አላት።

"አውቃለሁ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ" አለችው። በቤታቸው ትግርኛው የሚመጣው ሆድ ሲባባ ነው። "መንገዱን መውቀስ አቅቶኝ ነው አንተን የወቀስኩ።"

እፀገነት ያን ቀን ቋጠሮውን አተመችው። ማንኪያውን የያዘችው አክስቷ ነበረች፤ በግራ እጇ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ጥግ ጥጉን ሳታስቀር አሸችው። ጨርቁ ሲነሣ የገመዱ ክር አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ለተ ሚካኤል እጇን ዘረጋች።

"ይኼ የእኔ ነው። አሁን ይዤው እሄዳለሁ።"

"አልደረቀም፣ አክስቴ! የቅባት ቀለም ነው፣ ቀናት ይፈልጋል።"

"ቀናት? ልጆቼ ዛሬ ነው የሚያዩት!"

ሕሉፍ ሥራ ቤቱን ለመህዲ አደራ ብሎ ዘጋ። ሳይመሽ የዋጃው ሚኒባስ ከቆቦ ሲነሣ፣ የኋላው ወንበር ላይ ወንድምና እህት አቡጀዲውን ከዳርና ከዳር ወጥረው ተቀምጠው ነበር። ሌላ ሰው እንዳይነካው ተሳፋሪው ሁሉ እየተጠጋጋ ቦታ ለቀቀላቸው።

"ምንድነው እሱ፣ እናቴ?" አለ ረዳቱ።

ለተ ሚካኤል ጉሮሮዋን ጠረገችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሕሉፍም ገና በሁለተኛው ቃል፣ "እንደዚያ አይደለም!" ብሎ አቋረጣት።