የእርሳቸው መስመር

ሐሙስ የካቲት 17 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ያምሮት በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የቡሬ ሰው በምትጭን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ መሣሪያዋን አበራች፤ ሰዓቱንም በደብተሯ ላይ ጻፈች። መምህሯ ሠላሳ ጉዞ እንድትለካ አዝዘዋት ሃያ ዘጠኙን ጨርሳለች። ይህ የመጨረሻው ነበር። ከዚህ በኋላ ባሕር ዳር ተመልሳ የመመረቂያ ጽሑፏን ማስረከብ ብቻ ይቀራታል።

መሣሪያው ዓይን የሚሞላ አልነበረም። የክብሪት ሣጥን የሚያክሉ ሁለት ጥቁር ነገሮች ከመኪናዋ ጣሪያ ላይ በፕላስተር ተለጥፈዋል፤ ከእነርሱ የወረደ ቀጭን ሽቦ ጭኗ ላይ ካለው ላፕቶፕ ይገባል። ራዳር ነው። የማይታይ ሞገድ ወደ ተሳፋሪዎች ደረት ይልካል፤ ደረት በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ልብም ስትመታ፣ ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ ያን ስስ ንቅናቄ ይዞ ይመጣል። ላፕቶፑም ለየወንበሩ አንዳንድ መስመር ይስላል። በረጅም መንገድ ላይ ማንም ሳያውቅለት የሚደክም ሕመምተኛ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ተረስቶ የሚቀር ሕፃን እንዳይኖር ነበር የያምሮት ሕልም። በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በጥንቃቄ በተቀረጹ ፊደላት፣ «የታወቀ ነገር ሁሉ ይነገር» ብላ ጽፋለች።

«ያምሮት፣» አለ ሹፌሩ በድሩ በመስተዋት እያያት፣ «ትርፍ ስጭን ያ ነገርሽ ለትራፊክ እንዳያሳብቅብኝ።»

«ሰው አይቆጥርም እኮ፤ የሚቆጥረው ትንፋሽ ነው።»

«እሱማ ባሰ! ትራፊክ የሚቆጥረው ራስ ነው፤ ጎንበስ በል ስለው ሰውየው ይደበቃል። ትንፋሽን ምን ብዬ ላስጎንብሰው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ወዲያው መሣሪያው ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ጮኸ። ያምሮት ደንግጣ ብታይ፣ ከፊቷ የተቀመጠች ሴት ከእግሯ ሥር ያስቀመጠቻት ዶሮ ናት ልኬቱን ያወከችው።

«ዶሮዬ ልብ ድካም አለባት እንዴ?» አለች ሴትዮዋ።

«በጣም ትቸኩላለች፤» አለች ያምሮት።

«ትቸኩል፤ እኔም እሑድ እንግዳ አለብኝ።»

እንደገና ሳቅ ሆነ። ያምሮት ግን ማንቂያው ዶሮዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ሰው እንዳይረብሽ ድምፁን አጠፋችው።

ከሐኪም ቤት የመጡ ሦስት ሰዎች የደረሱት ይኸኔ ነው። አቶ ክንፈሚካኤል የሚባሉ አንድ ሽማግሌ በጋቢ ተጠቅልለው፣ በታናሽ ወንድማቸው በተስፋው ትከሻ ላይ ተደግፈው ገቡ። ከኋላ ያለውን ረጅም ወንበር ለቀቁላቸውና ጋደም አሉ፤ ተስፋውም ራሳቸውን በክንዱ ይዞ ከጎናቸው ተቀመጠ። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አስካለ ማርያም ቦታ የተገኘው ከፊታቸው ባለው ረድፍ፣ ከያምሮት አጠገብ ነበር።

«ውኃ ይሻሉ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ ወደ ኋላ ዞረው ባላቸውን። ሽማግሌው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ውኃ ግን አልያዙም፤ መኪናዋም ተነሥታ ነበር። «መንገድ ላይ ማንኩሳ ስንደርስ እገዛልዎታለሁ፤ አይዞዎት።»

ከዚያ ዓይናቸው በላፕቶፑ ላይ አረፈ። ያምሮት ነገሩን ለማስረዳት ደስ ይላታል።

«የገደል ማሚቶ ያውቃሉ አይደል፣ እማማ? ጠርተው ገደሉ ሲመልስልዎት? ይህም እንደዚያ ነው፤ ከሰው ደረት የሚመለሰውን ያዳምጣል።»

«የእርሳቸው የቱ ነው?»

ያምሮት ከታች ያለውን አረንጓዴ መስመር በጣቷ አሳየቻቸው። ዝቅተኛ ነበር፤ ግን ይወጣል፣ ይወርዳል። ወይዘሮ አስካለ ፊደል አልቆጠሩም፤ ያን መስመር ግን በአንድ አፍታ ከሌሎቹ ለይተው ያዙት።

«የኔስ?»

«ይኸኛው።»

«ምን ያጣድፈዋል?»

«ደክሞዎት ነው።»

መኪናዋ ከከተማው ወጥታ ፍጥነት ስትጨምር መስመሮቹ ሁሉ ተንቀጠቀጡ። ሴትዮዋ የያምሮትን ክንድ ያዙ። ያምሮትም መንገዱ መሆኑን፣ መኪና ሲሄድ ልኬቱ እንደሚደፈርስ፣ ሲቆም ግን እንደሚጠራ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አስካለ ክንዷን አልለቀቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ ሲሉ ጀመሩ፦

«ልጄ ፈረስ ቤት ከተማ አስተማሪ ነበር። ሲሞት አገር ሁሉ ሰምቶ እኔ አልሰማሁም። እኅቶቼ እስኪደርሱ ይቆይ፣ ጎህ ሲቀድ መርዶ ይነገራት ተባለ፤ ወጉ ነዋ። ሁለት ቀን! እኔ እህሌን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድሁ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ‹ይቅደሙ፣ ይቅደሙ› አለኝ። በዕድሜዬ ወረፋ የለቀቀልኝ ሰው አላውቅም። ‹ዛሬ ምን ነካችሁ፣ ሠርግ አለብኝ እንዴ?› ብዬ ሳቅሁባቸው። የልጄ ሞት አንድ ነገር ነው፤ የእግዜር ነው። ያ ሳቄ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። ወፍጮ ቤቱንም ዳግመኛ አልረገጥሁትም።»

ወይዘሮ አስካለ ወደ አረንጓዴው መስመር ጠቆሙ።

«ስለዚህ ያ መስመር ከቆመ ንገሪኝ። ተስፋው አይነግረኝም፤ አውቀዋለሁ። አንቺ ግን የተማርሽ ነሽ። ቃል ግቢልኝ።»

«እነግርዎታለሁ፣ እማማ። መሣሪያው አይዋሽም፤ እኔም አልዋሽም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ምንም አልከበዳትም። በክፍሏ አንደኛ የምትወጣ፣ ካመነችበት ነገር በመምህራኖቿ ፊት እንኳ ወደ ኋላ የማትል ልጅ ናት። እውነትን መናገር የማወቅ ታናሽ ወንድም፣ ተከታትሎ የሚመጣ ነገር ይመስላት ነበር።

ማንኩሳ ላይ አንድ ገበሬ ወራጅ አለ፤ ጆንያው ከመኪናዋ ጣሪያ ላይ ነበርና በድሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ወይዘሮ አስካለም ውኃ ለመግዛት ወረዱ። መኪናዋ ስትቆም መስመሮቹ፣ የደፈረሰ ውኃ እንደሚጠራ፣ አንድ በአንድ ጠሩ። የዶሮዋ ጠራ። የተስፋው ጠራ። አረንጓዴው መስመር ግን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ተጋድሟል።

ያምሮት ሽቦውን ነካካች። ተስፋውን የሚያየው ራዳር ሽማግሌውንም የሚያየው ነው፤ የተስፋው ትንፋሽ በትክክል ይወጣል፣ ይወርዳል። ስሕተት የለም። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ዞረች። ተስፋው እያያት ነበር፤ እጁ በጋቢው ሥር የወንድሙን የእጅ አንጓ ይዟል።

«መሣሪያሽም አየ?» አለ በለሆሳስ።

«ጋሼ፣ ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው! እዚሁ አለ።»

«ሐኪሙ ትናንት ቁርጡን ነግሮኛል። ‹ቤቴ አግቡኝ› ያለው ወንድሜ ራሱ ነው። እጁ ከቀዘቀዘ ቆየ፣ ልጄ፤ ከከተማው እንደወጣን ነው።»

ያኔ እኮ እኔ ‹መንገዱ ነው› እያልሁ ነበር፣ ስትል አሰበች።

«ታዲያ ለእማማ እንንገራቸው።»

«እዚህ? በመንገድ ላይ? ስትወድቅ ማን ሊይዛት? ቡሬ ላይ እኅቶቿ ይጠብቋታል፤ ባሏ ታሟል ብዬ ከጠዋት ጀምሬ አስጠርቻቸዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ነው የምለምንሽ።»

«ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

ተስፋው የወንድሙን ጋቢ አስተካከለ። «የልጇ መርዶ ጊዜ ‹ይቆይ› ብዬ የመከርሁት እኔ ነኝ። አታውቅም። ያኔ ያጠፋነው ማቆየታችን አልነበረም፤ ሳታውቅ ብቻዋን ወደ ወፍጮ መልቀቃችን ነበር። ዛሬ ብቻዋን አልለቃትም። እባክሽ ዝጊው።»

ዶሮ የያዘችው ሴት ቀስ ብላ አማተበች። በድሩም ጆንያውን አውርዶ ሲመለስ ሁለቱን አየና ገባው፤ ከመነሻው ጀምሮ ይዘፍን የነበረውን ራዲዮ አጠፋ።

ያምሮት ለማሰብ ጊዜ ፈለገች፤ ጊዜ ግን አልነበራትም፤ ወይዘሮ አስካለ የታሸገ ውኃ በእጃቸው ይዘው አስፋልቱን እየተሻገሩ በመምጣት ላይ ነበሩ። ብትናገር እኚህ ሴት በማያውቋቸው ሰዎች መካከል፣ በአንዲት ጠባብ መኪና ውስጥ ይወድቃሉ። ዝም ብትል ደግሞ ያ የወፍጮ ቤት ዝምታ ዳግመኛ ይፈጸማል፤ ከፈጻሚዎቹም አንዷ እርሷ ትሆናለች። ሃያ ዘጠኝ ጉዞ ስትለካ አንድም ጊዜ የተለካው ነገር ለማን፣ የት፣ በማን እጅ እንደሚደርስ አልጠየቀችም። እጇ ክዳኑን ዘጋው። ልዝጋው ብላ መወሰኗን እንኳ አላስተዋለችም።

ወይዘሮ አስካለ ገቡና ውኃውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ተኝቷል፣ እትዬ፤» አለ ተስፋው። የጋቢውን ጫፍ በወንድሙ ፊት ላይ ስቦ ነበር። «ፀሐይ ፊቱን መታው። ሲነቃ ይጠጣል።»

የተዘረጋው እጅ ጥቂት በአየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ተመለሰ።

«እማማ፣» አለች ዶሮ የያዘችው ሴት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «እዚህ መስኮቱ ጋ ይቀመጡ፤ ነፋስ ያገኝዎታል። እኔ የትም እሆናለሁ።»

ወይዘሮ አስካለ እንደ ቆሙ ሴትዮዋን አዩአት። ባዶውን ወንበር አዩ። ከዚያ የበድሩን ማጅራት አዩ።

«ራዲዮኑን ለምን አጠፋኸው፣ ልጄ?»

«እ... ሞገዱ አይይዝም፣ እማማ። እዚህ አካባቢ አይይዝም።»

በተለቀቀላቸው ወንበር ላይ አልተቀመጡም። ተመልሰው ከያምሮት አጠገብ ተቀመጡ፤ ጠርሙሱንም በጭናቸው መካከል አቆሙት። መኪናዋ ተነሣች። በድሩ ከሌላው ቀን ይልቅ በዝግታ ይነዳል፤ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እየዞረ ያልፋል። የቡሬ ሜዳ በግራና በቀኝ ተዘርግቶ የታጨደው ማሳ ያልቃል፣ ሌላው ይጀምራል።

ክዳኑ ቢዘጋም መሣሪያው መመዝገቡን አላቆመም፤ በዳሩ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በያምሮት መዳፍ ሥር ትበራለች፣ ትጠፋለች። ከውስጥ፣ ማንም በማያየው ሰሌዳ ላይ፣ የራሷ ልብ እንዴት እየጋለበ እንደሆነ ታውቀዋለች።

«ልጄ፣» አሉ ወይዘሮ አስካለ ወደ ፊት እያዩ።

«አቤት፣ እማማ።»

«ወደ ኋላ ዞሬ ጋቢውን መግለጥ አያቅተኝም። ሁለት እጅ አለኝ።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ግን አንድ ጊዜ እንኳ፣ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ፣ ሰው እንዲነግረኝ ነው የፈለግሁት። ቃል ገብተሽልኛል። ክፈቺውና የእርሳቸውን መስመር አሳዪኝ።»

ያምሮት ከኋላዋ የተስፋውን ዓይን በማጅራቷ ላይ ተሰማት። ሁለት እጆቿ ከክዳኑ ላይ አልተነሡም። ሩቅ፣ ከመንገዱ ጫፍ፣ የቡሬ ቆርቆሮ ጣሪያ በፀሐይ ማብረቅረቅ ጀምሮ ነበር።

«ክፈቺው፣ ልጄ፤» አሉ ወይዘሮ አስካለ እንደገና።