የዶሎረስ ወንበር

ስልኩን የደወልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልናዘዝ። ሊዮን ጎርስኪ በሬዲዮ የማለው በእኔ ስልክ ነው። መስመሩ እስኪለቀቅ ሃያ ደቂቃ ጠብቄ፣ "በል፣ የልብህን ተናገር" ብዬ ያቀበልኩት እኔ ክሌም ነኝ።

የልቡ ነገር ደግሞ አገር ያወቀው ነው። በየሚያዝያው ከኮሌጅ የሚወጡት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ለቡድኖች ሲመረጡ፣ የኛ ቡድን ሦስት ዓመት በተከታታይ የመጀመሪያ ምርጫውን ለተቀባይ አባከነ። ተቀባይ ማለት ወርዋሪው የላከውን ኳስ ሮጦ የሚቀልበው ነው። አንደኛው ገና በልምምድ ጉልበቱ ተበጠሰ። ሁለተኛው እጁን ቅቤ የተቀባ ይመስል ኳስ አይበረክትለትም። ሦስተኛው የከተማችንን የሐይቅ ዳር ብርድ አማርሮ ፍሎሪዳ ገባ። እነሱ መስመር ዳር ሲሯሯጡ፣ ከፊት ቆሞ የሚመክት ከባድ ሰው ስለሌለን ወርዋሪያችን በየእሁዱ ሣር ላይ ይነጠፋል።

ሊዮን ያን ዕለት ስልኩን ተቀብሎ እንዲህ አለ፦ "ዘንድሮም ተቀባይ ከመረጡ፣ በሚስቴ በዶሎረስ መቃብር እምላለሁ፣ ስታዲየም ያለችው ወንበሬ ላይ ዳግም አልቀመጥም! ክፍል አሥራ ሰባት፣ ረድፍ ሃያ ሁለት፣ አንደኛዋ ወንበር። ሊዮን ጎርስኪ ነኝ፣ ጻፉት!"

ጻፉት ብቻ? ቀድተው ለሁለት ሳምንት በየማለዳው አሰሙት። ዳቦ ቤት እንኳ ስንገባ ሻጯ "ዳግም አልቀመጥም!" እያለች ትቀበለን ጀመር። ሊዮን መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ቀኑ ሲቀርብ ግን ሳቁ ጠፋ።

ስታዲየም ያሉት ሁለት ወንበሮች ከተጋቡበት ዓመት ጀምሮ፣ በየዓመቱ ትኬታቸው እየተገዛ፣ የሊዮንና የዶሎረስ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን እሱ በመተላለፊያው በኩል አንደኛዋ ላይ፣ እሷ ከውስጥ ሁለተኛዋ ላይ ተቀመጡ፤ ቡድናችንም አሸነፈ። አለቀ። ሠላሳ አራት ዓመት ቦታ አልተለዋወጡም። እኛ ዘንድ ያሸነፉበትን ወንበር የሚቀይር ሰው የለም፤ ቀይሮ ቡድኑ ከተሸነፈ፣ የሰፈሩ እርግማን በሱ ላይ ነው።

እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ዶሎረስ ጨዋታው በጋለ ቁጥር "ምን ሆነ? ምን ሆነ?" ትላለች። ሊዮንም "ጨዋታውን እይ እንጂ ሴትዮ፣ ለወሬ ነው የመጣሽው?" ይላታል፤ ረድፉ በሙሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ሊዮን ሰማያዊ የሹራብ ኮፍያዋን ወንበሯ ላይ ያስቀምጥና ካጠገቡ ሆኖ ያያል። አንዳንዴ ለኮፍያው ሲያወራ እሰማዋለሁ። ከሚስቱ ጋር የሚቀመጥበት የቀረው ቦታ ያ ብቻ ነው፤ ያንን ነው እንግዲህ ለአንድ ተቀባይ ያስያዘው።

ልጁ ጃኒን እናቷ በተቀበረች በሳምንቱ ስታዲየም መጥታ እዚያ ልትቀመጥ ስትል፣ "ተይ፣ የእናትሽ ነው" አላት። ሰው ሁሉ እያየ። ዞራ ወጣች። እሷም ስታዲየም አልመለስ አለች፣ እሱም ይቅርታ አልጠየቀም።

የተጫዋቾቹ ምርጫ ምሽት ገና ሳይጨልም የትሩዲ ቡና ቤት ጢም አለ። የዶሮ ክንፍ፣ ድንች የተሞላ የሊጥ ፒሮጊ፣ ቢራ፣ ጩኸት። ሊዮን ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ቢራውን ግን አልነካውም።

"ሊዮን፣ ወንበርህን ለኔ ተናዘዝልኝ እንጂ" አለው ፖስተኛው ቬርን።

"ዝም በል አንተ!" አለችው ትሩዲ ብርጭቆ እየወለወለች። "ለዚህ ቂጥህ ሁለት ወንበርም አይበቃው።"

ሰዉ ሳቀ። ሊዮን አልሳቀም። በሩ ተከፍቶ ጃኒን የአውቶቡስ ሹፌር ልብሷን እንደለበሰች ስትገባ እኔ አየኋት፤ እሱም አያት መሰለኝ፣ ግን አንገቱን አላዞረም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ተራችን ሲደርስ ሁላችንም የምንመኘው የአዮዋው ልጅ ገና አልተወሰደም። መቶ ሃምሳ ኪሎ፣ ትከሻው በር የሚዘጋ፣ ከፊት ቆሞ ለመመከት የተፈጠረ።

"አለ! አለ! አልተነካም!" ቬርን ጠረጴዛ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

"ቁጭ በል፣ ጠረጴዛው የኔ ነው!"

ለመወሰን አሥር ደቂቃ ይሰጣል። ሰዓቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ወደ ኋላ ይቆጥራል። አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት። የወሰነ ቡድን ይህን ያህል አይቆይም። አምስት ላይ ጩኸቱ ቀዘቀዘ። ሦስት ላይ ጋዜጠኛው ከሉዊዚያና ስለመጣ አንድ ፈጣን ልጅ ማውራት ጀመረ።

"ምንድነው የሚለው ይሄ?" አለ ሊዮን።

"ዝም ብሎ ነው፣ ጊዜ መሙያ ነው" አልኩት። ውሸቴን ነበር።

የተመረጡትን ስም የሚያነበው ሰውዬ ካርዱን ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። የከተማችንን ስም ጠራ። ከዚያ "ኮርቴዝ ቢማን" አለ፤ "ተቀባይ።"

ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ እናቱን አቅፎ ያለቅሳል። ማንም አላየውም። ቤቱ ሙሉ ሊዮንን ነበር የሚያየው።

የቡና ቤቱ ስልክ ጮኸ። ትሩዲ አንስታ አዳመጠችና በእጇ ሸፈነችው። "ሬዲዮዎቹ ናቸው። አቶ ጎርስኪን በቀጥታ አገናኙን ነው የሚሉት።"

"ዝጊው!" አልኩ።

"ተይው፣ ይጠብቁ" አለ ሊዮን። ፊቱ አመድ መስሏል።

ቬርን እንኳ ቀልዱን ተወ። "ስማ ሊዮን፣ ልጁ ኳስ መላሽም ነው ይላሉ፤ ተቃራኒ የመታውን ይዞ የሚሮጥ። ተቀባይ ብቻ አይደለም እኮ።"

"ተቀባይ ነው ያለው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"ዶሎረስ ብትሰማ ትስቅብህ ነበር" አለች ትሩዲ። "በቢራ ሞቅታ የተማለ መሐላ ማን ይቆጥረዋል?"

"በመቃብሯ ነው የማልኩት!" ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!"

"የወለድከውማ እዚህ ቆማለች" አለች ጃኒን።

ሊዮን ቀስ ብሎ ዞረ። ያን ጊዜ የምገባበት ጉድጓድ አጣሁ። እሱም ተረቱን መልሶ ሊውጠው የፈለገ ይመስል አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ወንበሮቹን ምን ልታደርጋቸው ነው፣ አባዬ?"

"እመልሳቸዋለሁ።"

"የእማዬንም?"

ሊዮን ያልነካውን ቢራ ከፊቱ ገፋው።

"ሁለት ሳምንት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ስትምል ስሰማህ ነበር። 'አንደኛዋ ወንበር' ነው ያልከው፤ የራስህን። ሰው በሰው ወንበር አይምልም።" ከግድግዳው ተላቃ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። "ያንተን ለኔ ስጠኝ። አንተ የእሷ ላይ ተቀመጥ።"

"እዚያ ማንም አይቀመጥም።"

"እሺ፣ መልሳትና የማታውቀው ሰው ይቀመጥባት። ኮፍያዋን ግን ለኔ ስጠኝ፣ አደራህን።"

ሊዮን ተነስቶ ስልኩን ከትሩዲ እጅ ወሰደ።

"ጎርስኪ ነኝ" አለ። "ቃሌ ቃል ነው። አንደኛዋ ላይ አልቀመጥም። ልጄ ትቀመጥባታለች።" ዘጋው። እሱ የት እንደሚቀመጥ አልተናገረም፤ እኛም ልንጠይቀው አልደፈርንም።

መስከረም ገባ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ደረሰ። እኔ የቀድሞ ቦታዬ ላይ ነኝ። ጃኒን ቀድማ መጥታ አንደኛዋ ላይ ተቀምጣለች። ሊዮን መጥቶ መተላለፊያው ላይ ቆመ፤ ከኋላው ያሉት "ቁጭ በል ሽማግሌው!" እያሉ እስኪጮሁ ድረስ ቆመ። ከዚያ አልፏት ገባና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደሚሰበር ነገር፣ ሁለተኛዋ ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ እኩል ለእኩል ሆነን፣ ወርዋሪያችን ኳሱን በረጅሙ ወደ ቀኙ ጥግ ላከው። ስታዲየሙ ተነሳ። እኔ ቢማን አየር ላይ ተዘርግቶ በጣቶቹ ጫፍ ሲቀልባት አይቻለሁ፤ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። ከፊቴ ግን ሊዮን አንገቱን ወዲህ ወዲያ ይመዝዛል።

"ምን ሆነ?" አለ። "ምን ሆነ?"

"ያዘው እኮ! ታችዳውን! ስድስት ነጥብ! አላየኸውም እንዴ?" አለችው ጃኒን።

ሊዮን እጁን ወደ ፊቱ ዘረጋ። ፊት ለፊቱ ጣሪያውን የሚሸከመው ወፍራም የብረት ምሰሶ ቆሟል። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከመተላለፊያው በኩል ሲቀመጡ ግን ምንም አይከልልም። ከሁለተኛዋ ወንበር ያ ጥግ በሙሉ የለም።

ወደ እኔ ዞረ። "ክሌም፣ ይህ ነገር ሁልጊዜ እዚህ ነበር?"

"ስታዲየሙ ከተሠራ ጀምሮ" አልኩት።

"አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም።"

ብትነግረውማ ቦታ ይለውጣት ነበር። ቦታ ተለዋውጠው ከተሸነፍን ደግሞ ጥፋቱ የሱ ሊሆን ነው። ስንስቅባት በኖርነው በሁላችንም አፈርኩ፤ ከሁሉም ይልቅ በራሴ አፈርኩ።

ጃኒን ምሰሶውን አየች፣ አባቷን አየች፣ ነገሩም ገባት። ብድግ አለች። "ና አባዬ፣ እንቀያየር። መሐላው ገደል ይግባ፣ ከዚህ ሆነህ እይ።"

ሊዮን ክንዷን ያዛት። ዓይኑ ሞልቷል።

"ተቀመጪ" አላት። "እየመራን ነው።"

ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ፣ ኳሱ ወደዚያ ጥግ በሄደ ቁጥር፣ ምን ሆነ ይላታል፤ እሷም ትነግረዋለች።